ስለ ቴሌፎን ደወል፤ ጥሪ መጥቶ ሳለ ሞደሙ ሳይሰማው ሲቀር ጉድለቱ የሚፈለግበት መንገድ



የቀድሞው የካፋ መንግሥት፥ ንጉሥ ጋኪ ሼሮቾ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. እስከ ተማረኩበት ጊዜ ድረስ፥ ዳርቻውን በጥልቅ ቦይ ከልሎ በየመግቢያው በረኛ ያቆም ነበር። መልእክተኛ ከሩቅ መጥቶ በበሩ ላይ ቢጣራ፥ በረኛው ድምፁን ካልለየ፥ ቃሉ የቱንም ያህል ከባድ ቢሆን ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ሰው በሌለበት ጊዜ ቴሌፎን አንሥቶ ቃል እንዲቀበል ከኮምፒዩተር ጋር የሚተከለው ሞደም የሚባለው መኪናም እንዲሁ እንደ በረኛ ነው። ደወሉን ለይቶ ካወቀ ያነሣል፤ ካላወቀው ግን ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ዝምታውም ቀላል ነገር አይደለም። በክረምት ዝናቡ በርትቶ ወደ ቦንጋ የሚያወጣው መንገድ ሲጨቀይ፥ በሩቅ ቀበሌ ያለ አንድ አባት የታመመ ልጁን ነገር ለትምህርት ቤቱ ለማስታወቅ ደወለ እንበል። እርሱ በጆሮው ደወል ሲደወል ይሰማል፤ በትምህርት ቤቱ ግን ምንም አይሰማም። አባት «ደውዬ የሚያነሣ አጣሁ» ይላል፤ መምህሩም «የደወለልን የለም» ይላል። ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው፤ ነገር ግን ይቀያየማሉ። የዚህ ጽሑፍ አሳብ፥ ሰው ከመወቀሱ በፊት ጉድለቱ እንዲፈለግ፥ ፍለጋውም በግምት ሳይሆን በሥርዓት እንዲሆን ማስረዳት ነው።

ስልክ የሚለው ቃል ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም ሽቦ ማለት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሥራው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም. የተጀመረው፥ ሐረርን ከአዲስ አበባ ጋር ያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር መስመር በእርግጥም በሽቦ የተዘረጋ ነበር። በዚሁ አቆጣጠር ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ግን፥ ወረዳኔት በሚባለው የመንግሥት ሥራ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች በሳተላይትና በሌላም መንገድ ሲገናኙ፥ ድምፅን በኢንተርኔት መላክ ከአገልግሎቶቹ አንዱ ሆነ። ስሙ ስልክ ሆኖ ቀረ፤ የደወሉ አመጣጥ ግን ተለወጠ። ጉድለቱን ለማግኘት አስቀድሞ ይህን ልዩነት ማወቅ ያስፈልጋል።

በቀድሞው አኳኋን የቴሌፎኑ ማዕከል በሁለቱ ሽቦዎች ላይ 48 ቮልት ያህል የሆነ፥ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ኃይል ያኖራል። ጥሪ በመጣ ጊዜ ከ75 እስከ 90 ቮልት ያህል የሆነ፥ በሴኮንድ 20 ወይም 25 ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ኃይል ይጨምርበታል። ደወሉን የሚመታው ይህ ተመላላሽ ኃይል ነው። በሞደሙ ውስጥ ካፓሲተር የሚባል ዕቃ አለ፤ ይኸውም የማይመላለሰውን ኃይል አግዶ የሚመላለሰውን ያሳልፋል። ያለፈው ኃይል በብዙ ሞደሞች ውስጥ አንዲት ትንሽ መብራት ያበራል፤ በፊቷ የተቀመጠው ብርሃን ተቀባይም ይህን ያስታውቃል። ሞደሙ የምልልሱን ፍጥነት መዝኖ በእውነት ደወል መሆኑን ሲያረጋግጥ፥ «ሪንግ» የሚል ቃል ለኮምፒዩተሩ ይልካል። ምርመራው ያስፈለገው በሽቦው ላይ የሚያልፈው ልዩ ልዩ ንዝረት ሁሉ እንደ ደወል እንዳይቆጠር ነው።

በኢንተርኔት ቴሌፎን ግን ከሩቅ የሚመጣ የደወል ኃይል የለም። የሚመጣው «ጥሪ አለህ» የሚል መልእክት ብቻ ነው። መልእክቱን ተቀብሎ ደወሉን እንደ ገና የሚሠራው በቤቱ ውስጥ ያለው አዳፕተር የሚባል ትንሽ ሣጥን ነው። ደዋዩም በጆሮው የሚሰማው የእናንተን ደወል አይደለም፤ ለእርሱ ብቻ የሚሰማ ምልክት ነው። ስለዚህ ጉድለቱ ከሦስት ስፍራ በአንዱ ይገኛል። ወይ መልእክቱ ከአዳፕተሩ አልደረሰም፤ ወይ የተሠራው ደወል ለሞደሙ አልተስማማም፤ ወይ ሞደሙ ደወሉን እያወቀ እንዲያነሣ አልታዘዘም። እነዚህንም ለመለየት አንድ ተራ ቴሌፎን ይበቃል።

መጀመሪያ፥ ሞደሙን ነቅላችሁ በስፍራው ተራውን ቴሌፎን ሰኩና ሌላ ሰው እንዲደውል አድርጉ። ቴሌፎኑ ካልጮኸ ሞደሙን አትውቀሱት። መብራት መኖሩን፥ ኢንተርኔቱ መሥራቱን፥ አዳፕተሩም ከአገልግሎት ሰጪው ዘንድ መመዝገቡን መርምሩ። የቀድሞው መስመር ኃይሉን ከማዕከሉ ስለሚያገኝ የቤት መብራት ቢጠፋም ይደውላል፤ አዳፕተሩ ግን መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ደግሞም ራውተር የሚባለው መኪና ለጥቂት ጊዜ መልእክት ካላለፈበት የከፈተውን መንገድ ይዘጋል። ከቤት ወደ ውጭ መደወል እየተቻለ ከውጭ የሚመጣው ጥሪ የሚቀር ከሆነ፥ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው፤ አዳፕተሩ ምዝገባውን ቶሎ ቶሎ እንዲያድስ ማድረግ ይረዳል።

ሁለተኛ፥ ቴሌፎኑ ጮኾ ሞደሙ ግን «ሪንግ» ካላለ፥ ሽቦው በሞደሙ ላይ «ፎን» በሚለው ሳይሆን «ላይን» በሚለው ቀዳዳ መሰካቱን ተመልከቱ። በአንዱ አዳፕተር ላይ ብዙ ቴሌፎኖች ተሰክተው እንደ ሆነ ንቀሉአቸው፤ የአዳፕተሩ ኃይል ትንሽ ስለ ሆነ ሲከፋፈሉት ይደክማል። ከዚያም በአዳፕተሩ ማስተካከያ ገጽ ላይ የደወሉን ቮልት ከፍ ማድረግ፥ ምልልሱን 20 ወይም 25 ማድረግ፥ የማዕበሉንም ቅርጽ መለወጥ የሚቻል እንደ ሆነ ሞክሩ። አንዳንዱ አዳፕተር ጫፉ የተቆረጠ ማዕበል ይልካል፤ ተራው ቴሌፎን በዚህ ሲጮኽ መራጩ ሞደም ላይቀበለው ይችላል። በሞደሙም ላይ የተመረጠው አገር ይታይ፤ ለአንዱ አገር ደወል የተበጀ ሞደም የሌላውን አገር ደወል እንደ ባዕድ ሊቆጥረው ይችላልና።

ሦስተኛ፥ «ሪንግ» የሚለው ቃል በኮምፒዩተሩ ላይ እየታየ ሞደሙ ካላነሣ፥ ጉድለቱ በትእዛዙ ነው። «ኤስ ዜሮ» የሚባለው መዝገብ ሞደሙ ከስንት ደወል በኋላ እንዲያነሣ ይወስናል። ቁጥሩ 0 ከሆነ በራሱ አያነሣም፤ በጣም ከበዛም ደዋዩ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋል። ደግሞ በብዙ ሞደሞች ከአንዱ ደወል እስከሚቀጥለው 8 ሴኮንድ ያህል ካለፈ ቆጠራው ወደ 0 ይመለሳል፤ ስለዚህ በደወሎቹ መካከል ያለው ዕረፍት ከዚህ ማነስ አለበት።

ይህን ስትሠሩ ከአንድ ነገር በላይ በአንድ ጊዜ አትለውጡ፤ የለወጣችሁትንና ያገኛችሁትንም በደብተር ጻፉ። የደወሉ ኃይል ይነዝራልና ባዶውን ሽቦ አትንኩ። አዳፕተሩን ከማዕከል በሚመጣው የግድግዳ መስመር ላይ ከቶ አትሰኩት፤ ሁለቱ ኃይሎች ሲጋጩ ሊበላሽ ይችላል። በካፋ የዝናብ ወራትም ነጎድጓድ ሳይቀርብ ሞደሙንና አዳፕተሩን ከመብራትም ከሽቦም ንቀሉ።

ተማሪዎችም ፈተናውን በዓይናቸው ቢያዩ መልካም ነው። ስለ ኤሌክትሪክ ከሚማሩት በላይ፥ ከመፍረድ በፊት መመርመር እንደሚገባ ይማሩበታል። በረኛው ሥራውን በሚገባ የሠራ እንደ ሆነ፥ ከሩቅ ቀበሌ የደወለው አባት ቃሉን አድርሶ ይመለሳል፤ መምህሩም በማግሥቱ የልጁ ወንበር ለምን ባዶ እንደ ሆነ ያውቃል።