ከመሠረቱ ሥር ያለው ዋልካ

በበጋ በአቃቂ ወይም በበቾ ሜዳ የሚያልፍ ሰው እጅ የሚያስገባ የመሬት ስንጥቅ ያያል። ክረምት ሲገባ ስንጥቁ ይገጥማል፤ መሬቱም አብጦ ከፍ ይላል። ይህ ዋልካ ወይም መረሬ የምንለው ጥቁር አፈር ጤፍና ሽምብራ ያበቅላል። ቤትና መንገድ ሲሠራበት ግን ትልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ባሕርዩ የሚመጣው በአብዛኛው ሞንትሞሪሎናይት ከተባለ ማዕድን ነው። ማዕድኑ በመሶብ እንዳለ እንጀራ የተደራረቡ፣ በዓይን የማይታዩ ስስ ንጣፎች አሉት። ንጣፎቹን የሚያያይዘው ኃይል ደካማ ስለሆነ ውሃ በመካከላቸው ገብቶ ያራርቃቸዋል፤ ውሃው ሲወጣ ተመልሰው ይቀራረባሉ። ካኦሊናይት የተባለ ሌላ ማዕድን የሚበዛበት ቀይ አፈር ግን ንጣፎቹ አጥብቀው ስለተያያዙ ያን ያህል አያብጥም።

ብዙ ሰው የሚሰጋው ለረጅም ሕንፃ ነው። ዋልካ ግን አብልጦ የሚጎዳው ክብደት የሌለውን ነው፤ ባለ አንድ ወለል ቤትን፣ የግንብ አጥርን፣ የግቢ ንጣፍን፣ አስፋልትን። አፈሩ ሲያብጥ ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል ከእነዚህ ጭነት ሊበልጥ ይችላል።

ዋናው ጠላት ደግሞ ውሃው ራሱ አይደለም፤ የእርጥበቱ መለዋወጥ ነው። ቤቱ በሙሉ እኩል ቢነሳና እኩል ቢወርድ ግድግዳው ባልተሰነጠቀ ነበር። ከወለሉ መሐል ሥር ፀሐይም ዝናብም ስለማይደርስ እርጥበቱ ብዙ አይለዋወጥም፤ ዳር ዳሩ ግን በየወቅቱ ይርሳል፣ ይደርቃል። በአንድ በኩል ቱቦ ካፈሰሰ፣ በሌላው በኩል ባህር ዛፍ ውሃውን ከመጠጠ ልዩነቱ ይብሳል። ያኔ ከመስኮትና ከበር ማዕዘን የሚነሳ ሰያፍ ስንጥቅ ይታያል፤ በሩም አልዘጋ ይላል።

መንገድም እንዲሁ ነው። የአስፋልቱ መሐል ተሸፍኖ ይቆያል፤ ትከሻው በበጋ ሲደርቅ ከጠርዙ ጎን ለጎን የሚሄድ ረጅም ስንጥቅ ይከፈታል። ክረምት ሲመጣ ዝናቡ በዚያው ይገባል። በድልድይ ደግሞ የላይኛው አፈር ሲያብጥ ወደ መሬት ጠልቆ የገባውን የመሠረት ምሰሶ (ፓይል) ጎን ይዞ ወደ ላይ ይስበዋል። ስለዚህ ፓይሉ እርጥበቱ ከሚለዋወጥበት ጥልቀት አልፎ የማይናወጥ መሬት ውስጥ መግባት፣ በውስጡ ያለው ብረትም ከላይ እስከ ታች መዝለቅ አለበት።

እኛ ዘንድ የተለመደው መፍትሔ ዋልካውን ቆፍሮ አውጥቶ ገረጋንቲ መሙላትና መጠቅጠቅ ነው። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ሆኖም ሁሉም ዋልካ ካልወጣና መፋሰሻ ካልተሠራ ውሃው በገረጋንቲው ሰርጎ ከሥር በቀረው ዋልካ ላይ ይተኛል፤ ድካሙም ከንቱ ይሆናል። ለመንገድ ኖራ ይቀላቀላል፤ በኖራው ውስጥ ያለው ካልሲየም የአፈሩን የማበጥ ጠባይ ይቀንሰዋል። ሕንድም ሰፊ ጥቁር አፈር ስላላት በሩርኪ ያለው የሕንፃ ምርምር ተቋም ከታች ሰፋ ያለ እግር ያለውን ፓይል ለዚሁ ዓይነት መሬት አዳብሯል።

አፈሩን ማስመርመር ከባድ አይደለም። አንዱ ቀላል ፍተሻ 10 ሚሊ ሊትር ደረቅ የአፈር ዱቄት በውሃ በተሞላ ባለ መለኪያ ብርጭቆ ውስጥ መጨመር ነው። ዝቃጩ 20 ሚሊ ሊትር ከደረሰ አፈሩ እጥፍ አብጧል ማለት ነውና መሠረት ከመቆፈሩ በፊት መሐንዲስ ይጠራ።

ቤትዎ ዋልካ ላይ ከሆነ፣ ስንጥቁን በሲሚንቶ ከመድፈንዎ በፊት የጣሪያው ውሃ የት እንደሚወርድ ይመልከቱ። አሸንዳ ያስገጥሙ፣ የቤቱን ዙሪያ ወደ ውጭ በሚያዘቀዝቅ ንጣፍ ይሸፍኑ፣ የሚያፈስ ቱቦ ያስጠግኑ። ከቤቱ አጠገብ የቆየ ትልቅ ዛፍ ካለም ባለሙያ ሳያማክሩ አይቁረጡት፤ ዛፉ ሲጠጣው የኖረው ውሃ በአፈሩ ውስጥ ሲቀር ዋልካው መልሶ ያብጣል።