እባብ ያየ ማሽን

በደንቢያ «ቃዠ» የሚለው ቃል ክፉ ሕልም ማየትን ብቻ አይገልጽም። ወባ የጣለው ሰው ትኩሳቱ ሲበረታበት ከጣሪያው ሥር ሰው ያያል፣ ከሞተ ወንድሙ ጋር ያወራል፣ ተነሥቼ ልሂድ እያለ አስታማሚዎቹን ይታገላል። ከጎንደር ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው የደንቢያ ከተማ በኮላ ድባ ቅዠት ከሕክምና ቃላት አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ የሰው ሰራሽ አስተውሎትን ስሕተት «ቅዠት» ሲሉት ጆሮዬ እሺ አይልም። ስያሜው ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ነው፤ የካምብሪጅ መዝገበ ቃላትም እ.ኤ.አ. በ2023 የዓመቱ ቃል አድርጎ መርጦታል። በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ ከቶ ያልነበሩ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጠቅሰው ክርክር በማቅረባቸው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። የባለጉዳዮቹ ስም፣ የመዝገብ ቁጥሩ፣ የፍርድ ቤት አነጋገሩ ሁሉ ትክክለኛ ይመስል ነበር። በትኩሳት የሚቃዥ ሰው እንዲህ አያወራም። ንግግሩ ይቆራረጣል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ አጠገቡ የተቀመጠ ሁሉ ያውቅበታል። የማሽኑ ስሕተት ግን ከእውነቱ የሚለይበት የድምፅ ለውጥ የለውም። በሽታው ሌላ ነው፤ ሌላ ስምም ይፈልጋል።

ስሙን ፍለጋ ሩቅ ከመሄዳችን በፊት ቤታችን ውስጥ ያለውን እንይ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል አማርኛ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ከመንገዱ ዳር የወደቀ ልጥ እባብ መስሎ ያስደነግጣል፤ የሚያስደነግጠው ግን ሁሉንም አይደለም። እባብ ያየውን ነው። ምሳሌው ክብደቱን የጣለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት ላይ ነው፤ እባብ አይቶ የማያውቅ ሰው ልጡን እባብ ሊያደርገው አይችልም።

ይህንኑ ምሳሌ በገመድ ለውጠው፣ ሙሉ የፍልስፍና ትምህርት የሠሩበት ሕንዶች ናቸው። በሂንዱ አስተሳሰብ ውስጥ አድቫይታ ቬዳንታ የሚባለው ትምህርት ቤት ታላቁ መምህር አዲ ሻንካራ ነው። የኖረው በ8ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ እንደሆነ ይታመናል፤ የትውልድ ቦታው በደቡብ ሕንድ፣ በኬረላ፣ ካላዲ እንደሆነ ይነገራል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሒሳብና ፊዚክስ ካስተማሩን ሕንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ የመጡት ከዚያችው ከኬረላ ነበር። ሻንካራ ዋና ሥራውን የሚከፍተው «ሰው እንዴት ይሳሳታል?» በሚለው ጥያቄ ነው። መልሱን ባጭሩ በራሴ አማርኛ ላስቀምጠው፦ ስሕተት ማለት ድሮ የታየ ነገር በትዝታ መልክ ተመልሶ፣ አሁን ፊት ለፊት ባለ በሌላ ነገር ላይ ሲደረብ ነው። ይህንን መደረብ «አድያሳ» ይሉታል። በዛጎል ላይ ብር ይደረባል፤ በገመድ ላይ እባብ ይደረባል። ለእርሱ ትልቁ መደረብ ዓለምን በሙሉ የሚመለከተው ነው። አንዱና የማይለወጠው እውነት ብዙ፣ ተለዋዋጭና የተከፋፈለ ሆኖ ይታየናል፤ የዚህም ምክንያት «ማያ» ይባላል።

ማያን ብዙ ሰው «ምትሃት» ብሎ ይተረጉመዋል። መጥፎ ትርጉም አይደለም፤ ሆኖም በእኛ አገር ምትሃት ሲባል የሚያሳይ ሰው፣ ባለ አስማት፣ አብሮ ይታሰባል። በገመዱ ታሪክ ውስጥ ግን አታላይ የለም። ያለው ገመድ፣ ደብዛዛ ብርሃንና ትዝታ ብቻ ነው። እኔን የሳበኝም ይኸው ነው። ማሽኑ አይዋሽም፤ ለመዋሸት እውነቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሌላው የሕንድ ትምህርት ቤት፣ ሚማንሳ፣ ነገሩን የበለጠ አጥብቦ ያየዋል። ከመምህራኑ አንዱ የሆነው ፕራብሃካራ እንደሚለው «ይህ ብር ነው» የሚለው ስሕተት በውስጡ ሁለት ነገር አለው። «ይህ» የታየ ነው፤ «ብር» የታወሰ ነው። ሁለቱም በየራሳቸው ስሕተት የለባቸውም። ስሕተቱ የታወሰው የታወሰ መሆኑን አለማስተዋል ነው። ስለ ቋንቋ ማሽኖች ከተጻፈው ሁሉ ይህን ያህል ነገሩን የሚነካ ዓረፍተ ነገር አላነበብኩም፤ የተነገረው ግን ኮምፒውተር ከመፈጠሩ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው።

በቅርቡ አንዱን የንግግር ማሽን ስለ ኮላ ድባ በአማርኛ ጠየቅሁት። ሞቃታማ ቆላ መሆኑን፣ ሰሊጥና ማሽላ በሰፊው እንደሚመረትበት በሚያምር ዓረፍተ ነገር ነገረኝ። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይገረማል። የጣና ሐይቅ ገጽ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ ሐይቁ የሚወርደው የደንቢያ ሜዳ ከዚያ ሊያንስ አይችልም። ወይና ደጋ ነው፤ የጤፍና የሽምብራ አገር፣ ውኃው ሲሸሽ ባሕር ሸሽ የሚታረስበት። ታዲያ ሰሊጡ ከየት መጣ? ከመተማና ከሁመራ ነው። ማሽኑ በስሙ ውስጥ ቆላን አየ፤ «ጎንደር» እና «ቆላ» አንድ ላይ የሚመጡበትን ጽሑፍ ድሮ አይቷል፤ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ሰሊጥ አለ። ያንን አምጥቶ በደንቢያ ላይ ደረበው። ከተማዋ የተቆረቆረችበትን ዓመት ስጠይቀው አንድ ዓመት ሰጠኝ፤ ጥያቄውን ደግሜ ስጠይቀው ሌላ ሰጠኝ። በሁለቱም ጊዜ እኩል እርግጠኛ ነበር።

አሠራሩን ለሚያውቅ ሰው ይህ አይደንቅም። የቋንቋ ሞዴል እጅግ ብዙ ጽሑፍ እየተመገበ የሚማረው አንድ ሥራ ነው፤ ከዚህ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል መገመት። ጽሑፎቹን እንደ መዝገብ ቤት ፋይል አያስቀምጣቸውም። የሚቀረው በቢሊዮን በሚቆጠሩ ቁጥሮች ውስጥ የተበተነ የልማድ አሻራ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ትዝታ ነው ማለት ነው። «ይህ» ብሎ የሚጠቁመው፣ ፊቱ የቆመ ነገር የለውም። በኢትዮጵያ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው፣ ማሽኖቹን ከበቀቀን ጋር ባመሳሰለው ጽሑፍ የቀረበው ማስጠንቀቂያም ይኸው ነበር፤ ቃላትን እንደ ልማዳቸው ይገጣጥማሉ እንጂ ቃላቱ የሚያመለክቱትን ነገር አያዩም።

የኦፕንኤአይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጡት ጥናት ደግሞ ስሕተቱ የሚበዛው የት እንደሆነ አሳይተዋል። በሥልጠናው ጽሑፍ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኙ እውነታዎች፣ ለምሳሌ የማይታወቅ ሰው የልደት ቀን፣ በልማድ ሊገመቱ አይችሉም። የዋና ከተሞች ስም ሺህ ጊዜ ይደጋገማል፤ የአንዲት የወረዳ ከተማ ታሪክ ግን አንድ ቦታ ተጽፎ ሊቀር ይችላል፤ ወይም አልተጻፈም። ችግሩን የሚያብሰው የፈተና አሰጣጡ ነው ይላሉ። ማሽኖች የሚመዘኑባቸው ፈተናዎች አብዛኞቹ «አላውቅም» ለሚል ዜሮ ይሰጣሉ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያልገባውን የምርጫ ጥያቄ ባዶ ትቶ እንደማይወጣው ሁሉ ማሽኑም መገመትን ይለምዳል።

በአማርኛ ብርሃኑ ከሌላው የበለጠ ደብዛዛ ነው። ማሽኖቹ ያዩት የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር በባሕር ፊት እንዳለ ኩሬ ነው፤ ስለዚህ በአማርኛ ስንጠይቃቸው በእንግሊዝኛ ያዩትን ይደርቡብናል። ሰዓቱን ብቻ ውሰዱ። ለወባ የሚሰጠው ኮአርቴም ሁለተኛው መጠን የሚወሰደው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት የጀመረች እናት ሁለተኛውን ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትወስዳለች። «አራት ሰዓት» የሚለውን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሚያነብ ማሽን ግን ቀኑ ገና ሳይነጋ ይጀምርላታል፤ ሁለተኛውንም እኩለ ቀን ላይ ያደርገዋል። እባቡ ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ የሚነድፈው ግን እዚህ ያለውን ሰው ነው።

ገመድ የሌለበት እባብ የለም፤ ይህንንም ሻንካራ አጥብቆ ይላል፣ መደረብ የሚደረብበት ነገር ይፈልጋል። ለዚህ የወባን ታሪክ የሚያክል ምሳሌ አላውቅም። ፈረንጆች በሽታውን የሰየሙት «መጥፎ አየር» ብለው ነው። በአገራችን በብዙ ቦታ የበቆሎ እሸትና አገዳ ወባ ያመጣል የሚል እምነት አለ። ሐኪሞች ይህንን ለዓመታት ሲያርሙ ኖረዋል፤ ትክክልም ናቸው፤ ወባ በእሸት አይተላለፍም። ነገር ግን በኢትዮጵያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት የሚያስደንቅ ነገር አገኘ። የወባ ትንኝ እጭ በየኩሬው ውስጥ የሚወድቅ የበቆሎ ብናኝ ይመገባል፤ ብናኙ ባለበት ፈጥኖ ያድጋል፣ ትልቅም ይሆናል። ገበሬው በቆሎ አብቦ እሸት ሲደርስ ወባ እንደሚመጣ ያየው እውነቱን ነበር። ገመዱን አይቷል። እባቡን ያደረገው መብላቱን ነው። ስሕተትን ዝም ብሎ መጣል የማልወደው ለዚህ ነው፤ ከሥሩ ምን ተኝቶ እንደነበር መጠየቅ ይበልጣል። የማሽኑን ሰሊጥ ተከትዬ መተማ የደረስኩትም እንዲሁ ነው።

የወባን እውነተኛ ምክንያት የሚያሳየውን መብራት ያመጣችውም፣ እንደ አጋጣሚ፣ ሕንድ ናት። በአልሞራ፣ ሕንድ የተወለደው ሮናልድ ሮስ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 20 ቀን 1897 በሴኩንደራባድ የአንዲት ትንኝ ሆድ ከፍቶ በማይክሮስኮፕ ሲያይ የወባን ተሕዋስ አገኘ፤ በ1902 ኖቤል ተሸለመበት። ዕውቀቱ ደንቢያ እስኪደርስ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1953 ገደማ በኮላ ድባና በዙሪያዋ የተነሣው ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰዎችን እንደፈጀ ይነገራል። ለጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ መቋቋም ምክንያት ከሆኑት አንዱ ያ እልቂት ነው። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1954 ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገሪቱ ደጋማ ቦታዎች የተዛመተው ወረርሽኝ ደግሞ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን አሞ ወደ 150,000 እንደገደለ ይገመታል። የምክንያት ስሕተት ዋጋው ይህን ያህል ነው።

ለማሽኑስ መብራቱ ምንድን ነው? እስካሁን ጥሩው መንገድ ከመመለሱ በፊት ሰነድ ፈልጎ እንዲያነብ፣ ያነበበውንም እንዲያሳይ ማድረግ ነው። ይህ አሠራር ትዝታ ብቻ ለነበረው ማሽን «ይህ» የሚለው ነገር ይሰጠዋል። ሆኖም ሰነዱ ከፊቱ ተቀምጦም የራሱን ትዝታ ሊቀላቅልበት ይችላል። ከሻንካራ ምሳሌ የሚለይበትም ቦታ አለ። መብራት ይዞ ገመዱን ያየ ሰው እባቡ ለዘለዓለም ይጠፋለታል፤ ማሽኑ ግን ሲታረም ይቅርታ ይጠይቅና ለሚቀጥለው ጠያቂ ያንኑ እባብ ያወጣለታል። ደግሞም ከመንገዱ ዳር ደንግጦ የሚዘል፣ ልቡ የሚመታ ሰው በማሽኑ ውስጥ የለም። መደረቡ የእርሱ ነው፤ ማመኑ የእኛ ነው። ከእኛ የሚጠበቀውም ስለ ደንቢያ፣ ስለ ሰዓታችን፣ ስለ በሽታችን በገዛ ቋንቋችን በብዛትና በጥንቃቄ መጻፍ ነው፤ ያልተጻፈ አገር ለማሽኑ ጨለማ ነው።

ወባ ዛሬም አልለቀቀንም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ታሟል። በጤና ጣቢያ የላብራቶሪ ባለሙያዋ የደም ጠብታውን በመስታወት ላይ ትቀባለች፣ ጊምሳ በሚባለው ቀለም ታቀልማለች፣ ታጥባ ታደርቃለች። በዘይት ሌንስ ሥር ስታይ የቀለም ቅንጣትና የደም ፕሌትሌት ተሕዋስ መስለው ይታያሉ፤ ብዙ ወባ ያየ ዓይን እንኳ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ 100 የእይታ መስኮችን አንድ በአንድ ሳትመለከት ነጻ አትልም። ካገኘች ዓይነቱን ትጽፋለች። ካላገኘች በወረቀቱ ላይ የምታሰፍረው «ወባ የለም» የሚል አይደለም። «አልታየም» ብላ ትጽፋለች።