ቀዩ መብራት ሲበራ፦ በእጅ የሚያዙ የጨረራ መለኪያዎች ምን ይነግሩናል?

አንድ ተማሪያችን ከውጭ አገር ዘመዱ የላከለትን አነስተኛ የሬዲዮ ሞገድ መለኪያ ይዞ ወደ ቢሯችን መጥቶ ነበር። በቤታቸው ትይዩ ካለው ሕንፃ ጣሪያ ላይ የሞባይል አንቴና ከተተከለ ወዲህ እናቱ እንቅልፍ አጥተዋል፤ መሣሪያው በመኝታ ቤታቸው መስኮት አጠገብ ቀይ መብራት ማሳየቱ ደግሞ ሥጋታቸውን አባብሶታል። ቤቱን መልቀቅ እስከ ማሰብ ደርሰዋል።

መለኪያውን ጠረጴዛ ላይ አኑረን፣ በጥሪ ላይ ያለ ስልክ አንድ ሜትር ያህል ርቆ እንዲቀመጥ አደረግን። ስልኩን ሳንነካ መለኪያውን ብቻ ስናዞረው ቁጥሩ ከፍና ዝቅ ይል ጀመር። የኤሌክትሪክ መስክ አቅጣጫ ያለው መጠን ነው፤ የዚህ መሣሪያ አንቴና ግን አንድ ብቻ በመሆኑ የሚቀበለው በራሱ አቅጣጫ የሚውለውን የመስኩን ክፍል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ማእዘን 60 ዲግሪ ሲሆን መስኩ በግማሽ፣ ኃይሉ ደግሞ በሩብ ይነበባል። ሻል ያሉት መሣሪያዎች ሦስት አንቴናዎች አሏቸው። የያዡ ሰው ገላም ሞገዱን ስለሚያንጸባርቅና ስለሚውጥ ንባቡን ያዛባል።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው የጊዜ ጉዳይ ነው። በጂኤስኤም ሥርዓት የሚሠራ ስልክ ያለማቋረጥ አያስተላልፍም፤ ከስምንት የጊዜ ክፍልፋዮች የእርሱ ድርሻ አንዱ ብቻ ስለሆነ በሴኮንድ 217 ጊዜ ያህል፣ እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊሴኮንድ እንኳ የማይሞሉ ምቶችን ይልካል። ስለሆነም የምቱን ጫፍ የሚያሳይ መለኪያ አማካዩን ከሚያሳየው ስምንት እጥፍ የሚበልጥ ቁጥር ይሰጣል። ሁለቱም አልዋሹም፤ የመለሱት ግን የተለያየ ጥያቄ ነው። አይኦናይዝ ከማያደርጉ ጨረራዎች ጥበቃ ዓለም አቀፉ ኮሚሽን በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በ900 ሜጋኸርዝ ለሕዝብ የተቀመጠው ገደብ 4.5 ዋት በካሬ ሜትር ሲሆን ይህም የ30 ደቂቃ አማካይ ነው። የተማሪያችን መሣሪያ የሚያሳየው ግን የቅጽበቱን ጫፍ ነው። ቀዩን መብራት የሚያበራውን ቁጥር የመረጠውም አምራቹ ነው፤ መመሪያ ወረቀቱን ገልጠን ስናይ 1 ሚሊዋት በካሬ ሜትር ሆኖ አገኘነው። ከኮሚሽኑ ገደብ 4500 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው!

በዚያው ወረቀት መጨረሻ፣ በደቃቅ ፊደል፣ የመሣሪያው ስህተት እስከ 6 ዲሲቤል እንደሚደርስ ተጽፏል። ይህ በተራ ቁጥር ሲተረጐም፣ የተነበበው 1 ከሆነ እውነተኛው ከሩብ እስከ አራት ሊሆን ይችላል።

መሣሪያው ያለ አግባብ የሚያስፈራውን ያህል ያለ አግባብ ሊያጽናናም ይችላል። የመለኪያ ክልሉ 3.5 ጊጋኸርዝ ላይ ስለሚያበቃ በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራን ዋይፋይ በቅጡ አይሰማም። በክልሉ ውስጥ ያሉትንም ደምሮ አንድ ቁጥር ያደርጋቸዋል እንጂ ማን ከማን እንደ መጣ አይለይም። ይህን ለመለየት ስፔክትረም አናላይዘር ያስፈልጋል፤ ዋጋው ግን የተማሪ ኪስ የሚችለው አይደለም።

ሆኖም መሣሪያው ለማነጻጸር ይጠቅማል። ለተማሪያችን የነገርነውም ይህንኑ ነው፦ መለኪያውን በእንጨት በርጩማ ላይ አኑር፤ የቤቱን ስልኮች ሁሉ አጥፋ፤ ከዚያም የቀሩትን ምንጮች አንድ በአንድ እየነቀልክ ቁጥሩን መዝግብ።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ቀዩ መብራት የጠፋው የጣሪያው አንቴና እዚያው እንደ ቆመ፣ የሳሎኑ የዋይፋይ ራውተር ሲነቀል ነበር። የራውተሩም ንባብ ቢሆን ከገደቡ እጅግ የራቀ ነው። እናቱ ግን ቀደም ብለው አልጋቸውን ከመስኮቱ አርቀው ከሳሎኑ ግድግዳ ጋር አስጠግተውት ኖሯል፤ ራውተሩ ያለው ከዚያው ግድግዳ ማዶ ነው።