ምላጩ ከማረፉ በፊት

አንዲት ገጽ ወረቀት ናት። 19 ነጥቦች ሰፍረውባታል፤ ጮክ ብሎ አንብቦ ለመጨረስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ያደረጋት ይህች የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር አዲስ መድኃኒትም ሆነ አዲስ መሣሪያ አላመጣችም። የምትጠይቀው ማንኛውም ባለሙያ ገና ተማሪ ሳለ ያወቀውን ነገር ነው። ያም ሆኖ ብዙ ሕይወት አትርፋለች።

ታካሚ ከበሽታው ብቻ ሳይሆን ከሕክምናውም ሊጎዳ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በጤና ተቋማት ከሚታከሙ አሥር ሰዎች አንዱ በሕክምናው ሂደት ጉዳት ይደርስበታል፤ በዚህ ሰበብ በየዓመቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይሞታሉ። ከጉዳቱ ግማሽ ያህሉ ሊቀር የሚችል ነበር። እንዲህ ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ያልተማረ ወይም ግዴለሽ ሐኪም ነው። አብዛኛው ስሕተት ግን የሚመጣው ጎበዝ ባለሙያ ሲደክም፣ ተረኛ ሲለዋወጥ፣ የእጅ ጽሕፈት አልነበብ ሲል ነው። ሰው በራሱና በአባቱ ስም በሚጠራበት በኢትዮጵያ ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አበበ ከበደ ተኝተው ሊገኙ ይችላሉ።

ዝርዝሩን ያዘጋጀውን ቡድን የመራው አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም አቱል ጋዋንዴ ነው። ሙከራው የተደረገው በስምንት ከተሞች ነበር፤ ለንደን፣ ሲያትል፣ ቶሮንቶ፣ ኦክላንድ፣ ኒው ዴልሂ፣ አማን፣ ማኒላ እና የታንዛኒያዋ ኢፋካራ። ሀብታሙም ድሃውም ሆስፒታል ተካቶበታል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2009 የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞቱ ታካሚዎች ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ወረዱ። ከባድ ጉዳት የሚደርስባቸውም ከመቶ 11 ወደ 7 ዝቅ አሉ።

አሠራሩ ሦስት ጊዜ ቆም ማለት ነው። መጀመሪያ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት ታካሚው ማን እንደሆነ፣ ምኑ እንደሚቀደድ፣ የማይስማማው መድኃኒት እንዳለ ይጠየቃል፤ በደሙ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያም ጣቱ ላይ መሰካቱ ይረጋገጣል። በመጨረሻም ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት መሣሪያው፣ መርፌው፣ ደም የተጠረገበት ጎዝ ሁሉ ይቆጠራል። ቁጥሩ ካልሞላ የጎደለው ሆድ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

መካከለኛው፣ ምላጩ ቆዳ ላይ ከማረፉ በፊት ያለው ነው። ኢንፌክሽን የሚከላከለው አንቲባዮቲክ ባለፉት 60 ደቂቃዎች ውስጥ መሰጠቱ የሚጠየቀው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ግን በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ ስሙንና የሥራ ድርሻውን ይናገራል። ቀዶ ሐኪሙም፣ የማደንዘዣ ባለሙያውም፣ መሣሪያ የምታቀብለው ነርስም። ነገሩ ለወጉ ያህል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በቀዶ ሕክምና ክፍል ብዙ ጊዜ አደጋውን ቀድሞ የሚያየው ዝቅተኛ ማዕረግ ያለው ሰው ነው፤ ጓንቱ ሲቀደድ፣ የተሳሳተው ጎን ሲታጠብ ያያል፣ ዶክተሩን ላለማረም ግን ዝም ይላል። አንድ ጊዜ ስሙን ተናግሮ የተሰማ ሰው ሁለተኛ ለመናገር ይቀለዋል። ታላቅን ማቋረጥ እንደ ነውር በሚታይበት አገር ይህች ነጥብ ከ19ኙ ሁሉ ትልቋ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወረቀቱ ብቻውን እንደማያድን የታየው በካናዳ ነው። የኦንታሪዮ ግዛት ሆስፒታሎች ዝርዝሩን እንዲጠቀሙ ታዘዙ፤ እነሱም በሚገባ እየተጠቀሙ መሆኑን ሪፖርት አደረጉ። በ101 ሆስፒታሎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት ግን በሞትም ሆነ በጉዳት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኘም። በአንጻሩ በአሜሪካዋ ደቡብ ካሮላይና በፈቃዳቸው የገቡ፣ ሠራተኞቻቸውን ያሠለጠኑና ነገሩን ከራሳቸው አሠራር ጋር ያዋሐዱ 14 ሆስፒታሎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደርሰውን ሞት ከሌሎቹ ሲነጻጸር በ22 በመቶ ቀነሱ። ወረቀቱ አንድ ነው። ልዩነቱ በትእዛዝ ራይት አድርጎ በማለፍና አንብቦ በመነጋገር መካከል ያለው ነው።

ኢትዮጵያም የራሷ ልምድ አላት። ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ባካሄደው «ክሊን ከት» በተሰኘ ፕሮግራም፣ ሠራተኞቹ እጅ አስተጣጠባቸውን፣ የመሣሪያና የጨርቅ ንጽሕናን፣ የአንቲባዮቲክ ሰዓትን፣ የጎዝ ቆጠራንና ይህንኑ ዝርዝር በየዕለቱ እየተከታተሉ አሻሻሉ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በቁስል ላይ የሚደርሰው ኢንፌክሽን በ35 በመቶ ቀነሰ። አዲስ ሕንፃ አልተሠራም። ችግሩ ሁሉ የገንዘብ እጥረት ነው ለሚል የሆስፒታል ኃላፊ ይህ በቂ መልስ ነው።

ታካሚውና አስታማሚውም ድርሻ አላቸው። እርስዎ ወይም የቅርብ ዘመድዎ ለቀዶ ሕክምና ከተቀጠራችሁ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባሕል መድኃኒትም ቢሆን፣ ይናገሩ። ያስቸገረዎት መድኃኒት ካለ ሳይጠየቁ ያስታውቁ። የሚቀደደው ቀኝ ይሁን ግራ በራስዎ አፍ ይናገሩ፤ ምልክት እንዲደረግበትም ይጠይቁ። የደኅንነት ዝርዝሩ ይነበብ እንደሆነም ሐኪምዎን ይጠይቁ። ዝርዝሩ በተሞከረባቸው ሆስፒታሎች የነበሩ ባለሙያዎች «እናንተ ብትታመሙ እንዲነበብላችሁ ትፈልጋላችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ፣ ከመቶ 93ቱ አዎን ብለዋል።