የእናቶች ሐረገ ትውልድ
በኢትዮጵያ ደጋ የሚኖር ሕዝብ የእናት ወገን እንዴት እንደሚመረመር

በኢትዮጵያ ደጋ የትውልድ ቈጠራ ጥንታዊ ልማድ ነው። ሰው ማንነቱን ሲጠየቅ ስሙን ከአባቱ፥ አባቱንም ከአያቱ ጋር አያይዞ ይናገራል። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና የሚመረመረው በአባትም በእናትም ወገን ነው፤ በቀድሞው ሥርዐት ርስትም ከሁለቱ ይወረስ ነበር። ዳሩ ግን በቃልም ሆነ በብራና ጸንቶ የሚኖረው አብዛኛውን ጊዜ የአባቶች ስም ነው። የቅድመ አያቱን እናት ስም የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ወንጌላዊው ማቴዎስ የጌታን ልደት ሲቈጥር ትዕማርን፥ ረዓብን፥ ሩትንና የኦርዮን ሚስት ማንሣቱ ተለይቶ የሚታየው፥ በትውልድ ቈጠራ ውስጥ የእናት ስም ብርቅ ስለ ሆነ ነው።

የእናቶች ስም ቢረሳም ምልክታቸው ከልጆቻቸው ሥጋ አልጠፋም። የሰው አካል ሕዋስ ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። በአብዛኞቹ ሕዋሳት ውስጥ ምግብን ወደ ኀይል የሚለውጡ ሚቶኮንድርያ የተባሉ ደቃቅ ነገሮች አሉ፤ እነርሱም ዲኤንኤ የሚባል የራሳቸው የውርስ ጽሕፈት አላቸው። የዚህ ጽሕፈት ርዝመት 16,569 ፊደል ያህል ነው፤ ሙሉ ንባቡም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1981 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ታወቀ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) ልጅ ሲፀነስ ይህ ጽሕፈት ከእናቱ ይመጣል እንጂ ከአባቱ አይመጣም። ስለዚህ ወንዱም ሴቷም ከእናታቸው ይወርሱታል፤ ለልጆቿ የምታወርሰው ግን ሴት ብቻ ናት።

የምርመራውን መንገድ መጽሐፍ የሚገለብጡ ሰዎች በቀላሉ ያስተውሉታል። አንድ ጸሓፊ ብራና ሲገለብጥ አንዲት ፊደል ቢስት፥ ከእርሱ ቅጂ የሚገለብጡት ሁሉ ያንኑ ፊደል ይደግማሉ። ሊቃውንትም የስሕተቱን ዱካ ተከትለው የትኛው መጽሐፍ ከየትኛው እንደ ተቀዳ ያውቃሉ። በእናቶች ጽሕፈትም እንዲሁ በብዙ ትውልድ ውስጥ አልፎ አልፎ አንዲት ፊደል ትለወጣለች። ያን ለውጥ በአንድነት የሚይዙ ሰዎች ከአንዲት እናት ሐረግ የወጡ መሆናቸው ይታወቃል።

በ1987 ዓ.ም. ሬቤካ ካን፥ ማርክ ስቶንኪንግና አለን ዊልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ከልዩ ልዩ አህጉር የመጡ የ147 ሰዎችን ጽሕፈት አመሳከሩ። የሁሉም የእናት ሐረግ ከ200,000 ዓመት ገደማ በፊት፥ በአፍሪካ ሳትኖር አትቀርም በተባለች በአንዲት ሴት እንደሚገናኝም ገመቱ። ይህችም ሴት በጋዜጦች ዘንድ «ሔዋን» ተብላ ተጠራች። ይህ ስም ግን በምሳሌ የተሰጠ ነው እንጂ የኦሪት ዘፍጥረትን ሔዋን ለማለት አይደለም። በዚያች ሴት ዘመን ሌሎች ብዙ ሴቶች ይኖሩ ነበር፤ ነገር ግን ከእናት ወደ ሴት ልጅ ሳይቋረጥ እስከ ዛሬ የደረሰው የእርሷ ሐረግ ብቻ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፥ ቶማስ ኪቪሲልድና ባልደረቦቹ በ2004 ዓ.ም. የ270 ኢትዮጵያውያንንና የ115 የመናውያንን የእናት ሐረግ መርምረው አሳተሙ። ሊቃውንት ቅርንጫፎቹን የሚጠሩአቸው በላቲን ፊደላት ስም ነው። ኤል የሚባሉት በአፍሪካ የበቀሉ ናቸው፤ ኤምና ኤን የሚባሉት ግን ኤል ሦስት ከተባለው ወጥተው ከአፍሪካ ውጭ በሰፊው የተዘረጉ ናቸው። በኢትዮጵያውያን ዘንድ ከግማሽ ጥቂት የሚበልጠው የኤል፥ የቀረውም የኤምና የኤን ወገን ሆኖ ተገኘ፤ የየመናውያንም ሚዛን ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ሁለቱም ወገኖች በሴም ቋንቋ በሚናገሩት በአማራ፥ በትግሬና በጉራጌ፥ በኩሽ ቋንቋ በሚናገረው በኦሮሞም ዘንድ ይገኛሉ። ከእነዚህም ኤም አንድ የተባለው ቅርንጫፍ ከእስያ ወደ አፍሪካ የተመለሰ ነው የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው፤ የመመለሱንም ዘመን ከአክሱምና ከሳባ መንግሥታት እጅግ አስቀድመው በአሥር ሺሕ በሚቈጠሩ ዓመታት ይለኩታል። እንግዲህ የኤርትራ ባሕር ሕዝብን ከሕዝብ የለየ ግንብ ብቻ አልነበረም፤ እናቶች በየዘመኑ የተሻገሩበት መንገድም ነበር።

ይህን የሚመሰክር ጥንታዊ ዐፅምም አለ። በ2012 ዓ.ም. በጋሞ ደጋ፥ ሞታ በተባለ ዋሻ 4,500 ዓመት ያህል የቈየ የአንድ ወንድ ዐፅም ተገኘ፤ የውርስ ጽሕፈቱም በ2015 ዓ.ም. ታተመ። የእናቱ ሐረግ የኤል ሦስት ቅርንጫፍ ነበር፤ ከዛሬ ሕዝቦችም በጠቅላላው ጽሕፈት ከሁሉ ይልቅ የቀረቡት አሪዎች ናቸው። ስለዚህ በደጋው ከጥንት የኖሩ ሐረጎችም ከባሕር ማዶ የመጡት ሐረጎችም በዛሬው ትውልድ አብረው ይኖራሉ።

ዳሩ ግን የምርመራው ወሰን መታወቅ አለበት። ሰው ዐሥር ትውልድ ወደ ኋላ ቢቈጥር 1,024 የቅድመ አያት ስፍራ ያገኛል፤ ይህ ጽሕፈት የሚናገረው ስለ አንዲቱ ብቻ ነው። በክብረ ነገሥት ትረካ መሠረት ቢታሰብ፥ ምኒልክ ይህን ጽሕፈት ከማክዳ ይወርሳል፤ ከሰሎሞን ምንም አይወርስም፤ ከእናቱ የወረሰውንም ለልጆቹ አያሳልፍም። ስለዚህ የእናት ሐረግ ምርመራ ያን ትረካ ለማጽናትም ለማፍረስም የሚችል ምስክር አይደለም።

በዛሬ ዘመን በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ሰዎች ምራቃቸውን ወደ ቤተ ሙከራ ልከው የሐረጋቸውን ስም ይቀበላሉ። አንዳንዱም በዚያች በአንዲት ፊደል ነገዱን ያገኘ፥ ወይም ከጎረቤቱ የተለየ መሆኑ የተረጋገጠለት ይመስለዋል። ነገር ግን ያችው ፊደል ቋንቋው በሚለይ፥ ሃይማኖቱም በሚለይ ወንድሙ ዘንድ ትገኛለች። በአባቱ ስም ከሌላው ተለይቶ የሚመካ ሰው በማያውቃት በአንዲት እናት ከዚያው ሰው ጋር ሊገናኝ ይችላል። የእናቶችን ሐረግ የሚመረምር ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያስተውል፥ ምርመራው ለጠብ ሳይሆን ለመተዋወቅ ይጠቅመዋል።