የተከዜዋ ስደተኛ፦ ክፍል 4፣ ሌባው ወንዝ

ነጯን አሳችንን የት እንደተውናት መቼም አልረሳችሁም። ከላሊበላ በታች፣ በጋው ተከዜን ቆራርጦት፣ ጉልበት በማይደርስ ኩሬ ውስጥ ታግታ፤ ከበላይዋ ደግሞ ያች ባለረጅም እግር ወፍ። «በላቻት ወይ?» አላችሁኝ። አልበላቻትም። ብትበላት ኖሮ እኔስ ዛሬ ምን እጽፍ ነበር?

ይልቅ አሁን ኩሬው ዳር ከብቶቹን ሊያጠጡ የወረዱ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ አጠገባቸው ደግሞ ከባሕር ዳር የመጣው ነገረኛ ተማሪያችን።

«አባባ፣ የዚች አሳ ዘመዶች ጣና ውስጥ አሉ ብልዎት ያምኑኛል?»

«በየት አድርጋ ልጄ? ይህን ተራራ ሰውም ሲወጣው ነፍሱ ትወጣለች።»

«በውሃ ነዋ!»

«እስቲ መንገዱን ንገረኝ።»

ተማሪው መንገዱን ጀመረ፤ እናንተም በጣታችሁ ተከተሉ። ተከዜ ከላስታ ተነስቶ ወደ ሰሜን ይወርዳል፣ ሰሜን ተራሮችን ዞሮ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል፣ ሱዳን ገብቶ ከአትባራ ጋር ይገናኛል፣ አትባራም ከናይል። ከዚያ አሳችን ሽቅብ ወደ ካርቱም፣ ከካርቱም በአባይ በረሃ... መጨረሻ ላይ ምን ይጠብቃታል? ጢስ እሳት! 40 ሜትር ገደማ የሚምዘገዘግ ውሃ።

ሽማግሌው ሳቁ። «ይህንንማ አልዘለለችውም።»

እውነታቸውን ነው። እንግዲህ ተጠርጣሪ እንፈልግ። አንደኛዋ ያቺው ወፍ ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የሃንጋሪ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች የካርፕና የዘመዱን 8 ሺህ እንቁላል ለዳክዬ አበሉ፤ 18ቱ ሳይፈጩ በኩስ ወጡ፣ 12ቱም ነፍስ ነበራቸው። ካርፕ ደግሞ የነጭ አሳ ወገን ነው። ወፏን በነጻ አናሰናብታትም፤ ግን እኔ ዓይኔን የጣልኩት ሌላ ላይ ነው።

ተራራው ላይ! አዎ፣ እናንተ አጥር ነው ያላችሁት ተራራ ላይ። በአንድ ሸንተረር ግራና ቀኝ ሁለት ጅረቶች ይወርዳሉ። ክረምት በመጣ ቁጥር ሁለቱም ራሳቸውን ወደ ኋላ ይቦረቡራሉ። አንዱ ጉልበተኛ ከሆነ ሸንተረሩን በልቶ ይዘልቅና የጎረቤቱን አናት ቆርጦ ወደ ራሱ ይወስዳል፤ ከነውሃው፣ ከነአሳው። አሳዋ ንቅንቅ ሳትል ባለ ሌላ ተፋሰስ ሆና ታድራለች። በዚህ ዓይነቱ ስርቆት ሳይሆን አይቀርም አንድ የነጭ አሳ ዘር፣ ላቢዮባርበስ ኢንተርሚዲየስ የሚሉት፣ በአባይም፣ በተከዜም፣ በአዋሽም የተገኘው።

«ኧረ ጉድ!» አሉ ሽማግሌው። «ጣና የገቡትስ ምን ሆኑ?»

ጣና የገቡት ታሰሩ። እሳተ ገሞራ የሐይቁን መውጫ በቀለጠ ዐለት ዘጋው፣ ፏፏቴው ከታች በሩን ጠረቀመ። የታሰረ ቤተሰብ ምን ያደርጋል? ሥራ ይከፋፈላል። አንዱ ከንፈሩ ወፈረ፣ አንዱ ከታች ጭቃ ውስጥ ምግብ መፈለግ ያዘ፣ ሌላው... ሌላው ወንድሙን መብላት ጀመረ! ዛሬ ጣና ውስጥ 15 ያህል የነጭ አሳ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ ስምንቱ አሳ በል ናቸው። ደግሞ አንዲት ጥርስ አፋቸው ውስጥ የለችም። እንደ ወፍጮ የሚያደቅቁት ጉሮሯቸው ውስጥ በተደበቀ ጥርስ ነው። ያደኗት አሳ ሾልካ እንዳታመልጥ እንዴት እንደሚይዟት ሌላ ጊዜ አወራችኋለሁ፤ አትቸኩሉ።

ምክንያቱም ተማሪያችን አሁን ቦርሳውን ከፈተ፤ ከጣና ወለል በቱቦ ተቆፍሮ የወጣ ደለል የሚያሳይ ፎቶ አወጣ። ሽማግሌው ጠጋ ብለው አዩት።

«ይኼ ከታች ያለው ምንድን ነው?»

«ደረቅ መሬት ነው፣ አባባ። ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ ነበር።»

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ! እንደገና ሞልቶ ወደ አባይ መፍሰስ የጀመረው ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው።»

አያችሁ ነገሩን? ወይ 15ቱም ሐይቁ ሲደርቅ የሆነ ቦታ ተደብቀው ተርፈዋል፤ ወይ ደግሞ ያ ሁሉ ከንፈር፣ ያ ሁሉ ወንድም በላ፣ የተፈጠረው ሐይቁ ከሞላ ወዲህ፣ ለዝርያ ዓይን ጭፍን ግልጥ በሚባል ጊዜ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሐሰት ነው። ፍንጩ ያለው ጣና በሚገባው ጉማራ ወንዝ ላይ ነው፤ ከ15ቱ ሰባቱ ዛሬም ክረምት በመጣ ቁጥር እንቁላላቸውን ለመጣል ወንዝ ይወጣሉ፤ የቀሩት ግን ወንዝ ሲወጡ አልታዩም። ታዲያ ሐይቁ ሲደርቅ እነዚህኞቹ የት ገቡ?

ሽማግሌው መልስ አለኝ ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ይቀጥላል።