ለእርጅና ማረፊያ መምረጥ፦ የመርካቶ ቤተሰብ ያሉት መንገዶች

መርካቶ ውስጥ ሠርቶ ያረጀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የጡረታ አበል የለውም። በሕጋችን አበሉን የሚያገኘው 60 ዓመት የሞላውና ቢያንስ 10 ዓመት በመንግሥት ወይም በግል ድርጅት ተቀጥሮ መዋጮ የተከፈለለት ሠራተኛ ነው። ምናለሽ ተራ ከቆርቆሮ ምድጃ ሲሠራ የኖረው፣ በርበሬ ተራ ሚዛን ይዛ ልጆች ያሳደገችው፣ እህል በረንዳ ኩንታል ሲሸከም ወገቡ የጎበጠው በዚያ መዝገብ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ጉልበት ሲከዳ «አባታችን የት ይኑር? ማን ይያዘው?» የሚለው ጥያቄ ከነሙሉ ክብደቱ ቤተሰብ ላይ ይወድቃል።

አሜሪካ ውስጥ አቅም ያለው ሰው ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ ግቢ አለው። አዛውንቱ ገና ራሱን ችሎ ሳለ ይገባል፤ የራሱ ቤት ይሰጠዋል። ሲደክም የሚያለብሰውና መድኃኒቱን የሚያስታውሰው ሰው ይመደብለታል። አልጋ ሲይዝ ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ ነርሶች ወዳሉበት ክፍል ይዛወራል። ሲገባ ከፍ ያለ ገንዘብ ይከፍላል፤ ከዚያም በየወሩ ይከፍላል። ይህ ለመርካቶ ነዋሪ የሚቀመስ አይደለም። መሠረቱ ግን ለእኛም ይሠራል፦ ሰው ሲያረጅ ከለመደው አካባቢና ከሚያውቀው ሰው ሳይነጠል እርዳታው ብቻ ይጨመርለት።

መርካቶ ለዚህ የሚሆን ተቋም አላት፤ እድር። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933፣ ዋናው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ አሁኑ ሥፍራ ሲዛወር ከየአገሩ የመጣ ሕዝብ እዚህ ሰፈረ። ዘመዱ በሩቅ የቀረበት ሰው ለክፉ ቀን የሚደርስለት ጎረቤቱ ነበርና እድር እየተስፋፋ ሄደ። አሠራሩን ሁሉም ያውቀዋል። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ፤ በየወሩ መዋጮ ይከፈላል፤ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ለቤተሰቡ ገንዘብ ይሰጣል። እድር ግን ከቀብር አልፎም ሠርቷል። ኤች አይ ቪ በበረታባቸው ዓመታት ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች ሕሙማንን ሲያስታምሙና ወላጅ ያጡ ልጆችን ሲረዱ አይተናል።

ለአብዛኛው አረጋዊ የተሻለው ምርጫ በሠፈሩ መቆየት ነው። ራጉኤልን ወይም አንዋር መስጊድን በእግሩ ይደርሳል፤ ባለሱቁ በስሙ ይጠራዋል፤ ጠዋት በሩ ካልተከፈተ የሚያንኳኳ ጎረቤት አለው። ለዚህ የሚያግዙ ነገሮችም አሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ይዞራሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የሕክምና ወጪን ያቀላል። በ2009 የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን በቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። በሲስተር ዘቢደር ዘውዴ የተመሠረተው ሜሪ ጆይ ኢትዮጵያም አረጋውያንን በየቤታቸው ሲረዳ ቆይቷል።

ችግሩ ሠፈሩ ራሱ ሲነሣ ነው። መልሶ ማልማት ሲመጣ ወይም ልጆች ኮንዶሚኒየም ሲደርሳቸው አረጋዊው አብሮ ይሄዳል። ብዙዎቹ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች አሳንሰር የላቸውም። ጉልበቱን የሚያመው ሰው አራተኛ ፎቅ ላይ ከተቀመጠ ከቤት መውጣቱ ያከትማል። ስለዚህ ምድር ቤት ተከራይቶ ወይም ተለዋውጦ ማስቀመጥ፣ በቀድሞው እድር አባልነቱን ማስቀጠል፣ በአዲሱም ሠፈር ሳይዘገዩ ማስመዝገብ ያስፈልጋል።

ቤትም ልጅም የሌለውስ? ለእርሱ ማዕከላት አሉ። ከሁሉ የታወቀው በ2002 በቢኒያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው። ጎዳና ላይ የወደቁትን አንሥቶ ያጥባል፣ ያለብሳል፣ ይመግባል፣ ያሳክማል፤ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተጠልለውበታል። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የእማሆይ ትሬዛ እኅቶች ቤትም ሕሙማንንና ደጋፊ ያጡትን ይቀበላል። እነዚህ በሕዝብ ልግስና የቆሙ ቤቶች ናቸው። መጦር የሚችል ልጅ ያለው ሰው አልጋ ሲይዝባቸው፣ ማንም የሌለው ሰው ጎዳና ላይ ያድራል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ለተቸገረ ወላጅ ቀለብ መስጠትን የልጅ ግዴታ ያደረገውም ያለ ምክንያት አይደለም።

የሚከፈልበትም ሆነ የበጎ አድራጎት ማረፊያ የግድ ከሆነ፣ ከመወሰን በፊት ሄዶ ማየት ይገባል። ሌሊት ማን ይጠብቃል? ነርስ በስንት ሰዓት ትገኛለች? አረጋዊው አልጋ ላይ ሲውል እዚያው ይታከማል ወይስ ይመለሳል? ጾሙንና ሶላቱን ይጠብቁለታል? ቤተሰብ በፈለገው ቀን መጠየቅ ይችላል? በምግብ ሰዓት ሄዶ ያሉትን አረጋውያን ማነጋገር ከአስተዳዳሪው ገለጻ ይበልጥ ይናገራል። ከሁሉ በፊት ግን የሚገባው ሰው ራሱ ይጠየቅ። አእምሮው ንቁ ሳለ ያልተጠየቀ አባት ኋላ የሚናገርበት ጊዜ ላያገኝ ይችላል።

ለመርካቶ እድርተኞችም አንድ ጥሪ አለን። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሩ። ከመዋጮው ጥቂቱ በሕይወት ላለው አረጋዊ ይመደብ፤ የሚጠይቁት አባላት በተራ ይመደቡ፤ ሲታመም ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ሰው ይታወቅ። አርባ ዓመት መዋጮ የከፈለ ሰው የእድሩን ደግነት ሊያይ የሚገባው በቁሙ ነው።